ይቅርታም ሐቅ ነው፣ ካሳም ሐቅ ነው



በኛ አገር መኪና ሰው ሲገጭ በመጀመሪያ የሚደርሰው ጎረቤት ነው። ቀጥሎ ሽማግሌ ይመጣል። ዘግይቶ የሚመጣው ወረቀት ነው፤ የፖሊስ ወረቀት፣ የሐኪም ወረቀት፣ የኢንሹራንስ ወረቀት፣ የፍርድ ቤት ወረቀት። ብዙዎቻችን ጎረቤቱንም ሽማግሌውንም በወግ በማዕረግ እንቀበላለን። ወረቀቱ ሲመጣ ግን ግራ እንጋባለን፤ ግማሻችን እንሸሸዋለን፣ ግማሻችን ደግሞ የማይገባንን ልናገኝበት እንጓጓለን።

ከሚሴ ከአዲስ አበባ 325 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ወደ ደሴ በሚያልፈው አውራ ጎዳና ላይ የተቆረቆረች ከተማ ናት። ጎዳናው ገበያችን ነው፤ ልጆቻችን ወደ ትምህርት ቤት የሚሄዱበት፣ አባቶች ከመስጊድ የሚመለሱበት መንገድ ነው። በበጋ ወራት ወደ ጨፋ ሣር የሚነዳው ከብትና ግመልም ያቋርጠዋል። በዚያው መንገድ ላይ ሌሊትና ቀን ከባድ መኪና ይርመሰመሳል። ስለዚህ በዞናችን አንድ ዘመዱ በመኪና ያልተጎዳበት ቤተሰብ ማግኘት ቀላል አይደለም።

እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው፦ የተጎዳ ሙስሊም ካሳ መጠየቁ ከሶብርና ከይቅርታ ጋር ይጋጫልን? አንዳንዱ ወገን «ቀደር ነው፣ ተወው፣ አጅርህን ከአላህ ጠብቅ» ይላል። ሌላው ደግሞ «ሲሳይህ መጣልህ፣ አጥብቀህ ያዝ» ይላል። ሁለቱም ሰው ታሞ በተኛበት አልጋ አጠገብ ተቀምጠው ሲከራከሩ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። የሰማሁትንና ያየሁትን ባካፍላችሁ ለአንዳንድ ቤተሰብ ይጠቅም ይሆናል ብዬ ነው ብዕር ያነሳሁት።

ታናሽ ወንድሜ ግንበኛ ነው። በ2010 ዓ.ም. ሚያዝያ ወር መጨረሻ ላይ፣ ረመዳን ሊገባ ሁለት ሳምንት ገደማ ሲቀረው፣ ዒሻእ ሰግዶ በጎዳናው ዳር ሲመለስ አንድ የጭነት መኪና ገጨው። የግራ እግሩ ከጉልበቱ በታች ሁለት ቦታ ተሰበረ። ወደ ደሴ ተወስዶ ብረት ገባለት። ያን ጊዜ የ35 ዓመት ሰው ነበር፤ ባለቤትና ሦስት ልጆች አሉት። እኔ አስተማሪ ስለሆንኩ የወረቀቱን ሥራ ቤተሰቡ ለኔ ሰጠኝ።

በሦስተኛው ቀን ሽማግሌዎች መጡ። ሾፌሩ ገና ወጣት፣ ከአጎራባች ወረዳ የመጣ የድሃ ልጅ ነው። አባቱ ሽማግሌዎቹን ተከትለው መጥተው ከደጅ ቆመው አለቀሱ። ሽማግሌዎቹ 12,000 ብር ለሕክምና ይዘው «ልጁን አውፍ በሉት፣ ነገሩም በዚህ ይዘጋ» አሉን።

የወሎ ሰው ይህን ልማድ ያውቀዋል። ሰው ሲገደል የሟችና የገዳይ ወገን በበቀል እንዳይተላለቁ አበጋሮችና ሸኾች መካከል ገብተው፣ ዱዓ ተደርጎ፣ ካሳ ተቆርጦ ደም ያደርቃሉ። የኦሮሞው ወግ ደግሞ ጉማ አለው። ይህ ሽምግልና ስንት ቤት ከጥፋት አድኗል። ስለዚህ ሽማግሌን ባዶ እጁን መመለስ ነውር ነው። ነገር ግን እናታችን ከውስጥ ሆነው አንድ ነገር ጠየቁ፦ «አባቶቼ፣ ልጄ ለራሱ አውፍ ይበል። የሦስቱን ልጆች ጉርሻ ማን ነው አውፍ የሚለው?»

ይህ ጥያቄ ነው ነገሩን ሁሉ የለየው። ወንድሜ እዚያው በተኛበት ሾፌሩን አስጠርቶ «ለአላህ ብዬ አውፍ ብዬሃለሁ፤ በዱንያም በአኺራም አልጠይቅህም» አለው። ካሳውን ግን ከመኪናው ባለንብረትና ከኢንሹራንሱ እንደምንጠይቅ ለሽማግሌዎቹ በግልጽ ነገርናቸው። 12,000 ብሩንም ስንቀበል ወረቀት ተጻፈ፤ ገንዘቡ ለሕክምና የተሰጠ መሆኑ፣ ኋላ ከሚወሰነው ካሳ ላይ የሚቀነስ መሆኑ፣ የካሳውን ጥያቄ የሚዘጋ አለመሆኑ ተገልጾ በሁለቱም ወገን ምስክሮች ተፈረመ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ «በኛ መካከል ወረቀት ምን ያደርጋል?» ብለው ቅር አላቸው። አብረዋቸው የነበሩት ሸህ ግን «አላህ በሱረቱል በቀራ በረጅሙ አንቀጽ ዕዳን ጻፉ፣ ምስክርም አቁሙ ያለው እኮ ለማይተማመኑ ሰዎች ብቻ አይደለም» ብለው መለሱላቸው።

ሸሪዓው ምን ይላል?

ሸሁ በዚያው ዕለት ያስረዱን ነገር ለብዙ ሰው አዲስ ነውና ልድገመው። በሱረቱ አን-ኒሳእ 92ኛው አንቀጽ ላይ በስህተት ሰው የገደለ ከሚታዘዛቸው ነገሮች አንዱ ለሟች ቤተሰብ ዲያ መክፈል ነው፤ ቤተሰቡ በሰደቃ መልክ ካልተወው በስተቀር። ልብ በሉ፤ ክፍያውና ይቅርታው በአንድ አንቀጽ ውስጥ ጎን ለጎን ነው የተቀመጡት። መጠየቅ ሐቅ ነው፤ መተው ደግሞ የበለጠ አጅር ያለው ሰደቃ ነው። ሰደቃ ግን ሰው ከራሱ ንብረት ነው የሚሰጠው። የሟች የቲሞች ድርሻ ካለበት አጎት ወይም አያት ተነስቶ «ትተነዋል» ሊል አይችልም፤ የየቲም ገንዘብ አማና ነው።

በሞት ላይ ሙሉ ዲያ 100 ግመል መሆኑን ሁላችንም ሰምተናል። ከዚያ በታች ያለው ጉዳትም መጠን አለው። አንድ እግር ከጠፋ የዲያው ግማሽ፣ 50 ግመል ነው። ለእያንዳንዱ ጣት 10 ግመል ነው። አካሉ ሳይቆረጥ የደከመ ወይም የተበላሸ ከሆነና የተወሰነ መጠን ከሌለው፣ አዋቂዎች ከጤነኛው ጋር አስተያይተው ይገምቱታል። ፉቀሃኦች ይህን ግምት «ሑኩማ» ይሉታል። በስህተት ለደረሰ ጉዳት ዲያውን አጥፊው ብቻውን አይሸከመውም፤ ዓቂላ የሚባሉት የአባት ወገን ዘመዶቹ ይጋሩታል። ዓላማው ድሃው ሾፌር ተደቁሶ እንዳይቀር፣ ተጎጂውም ባዶ እጁን እንዳይቀር ነው።

ታዲያ «የኢንሹራንስ ገንዘብ መቀበል እንዴት ነው?» ብለን ጠየቅን። በንግድ ኢንሹራንስ ውል ላይ ዑለማኦች ብዙ ተነጋግረዋል። ጅዳ የሚገኘው ዓለም አቀፉ የእስልምና ፊቅህ አካዳሚ በ1985 እ.ኤ.አ. የንግድ ኢንሹራንስን ውል ከልክሎ፣ በመረዳዳት ላይ የተመሠረተውን ፈቅዷል። ሸሁ ግን «ውሉን የተዋዋለው ባለመኪናው ነው። አንተ የምትጠይቀው የተሰበረ እግርህን ነው። ባለዕዳው ዕዳውን በማን እጅ እንዳስከፈለልህ የሱ ሒሳብ ነው» አሉን። ልባችን በዚህ ረጋ።

የአገሩ ሕግስ?

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2081 የመኪና ባለቤት መኪናው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል፤ ሲነዳ የነበረው እሱ ባይሆንም፣ ጥፋት ባይኖርበትም። አንቀጽ 2091 ደግሞ ካሳው ከደረሰው ጉዳት ጋር እኩል እንዲሆን ያዛል። ጉዳቱ በትክክል ሊሰላ ካልቻለ ዳኛው በርትዕ እንዲወስን አንቀጽ 2102 ይፈቅዳል፤ ይህን ሳነብ የሸሁ «ሑኩማ» ትዝ አለኝ። ለሕሊና ጉዳት የሚከፈለው ግን በአንቀጽ 2116 ከ1,000 ብር አይበልጥም። በ1952 ዓ.ም. 1,000 ብር ስንት በሬ እንደሚገዛ ሽማግሌዎች ያውቁታል፤ ዛሬ ምን እንደሚገዛ ደግሞ ሁላችንም እናውቀዋለን።

ትልቁ ጉዳይ ጊዜው ነው። በአንቀጽ 2143 መሠረት የካሳ ክስ ጉዳቱ ከደረሰ በ2 ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት። ጉዳቱ ከወንጀል የመጣ ሲሆንና የወንጀሉ ሕግ የበለጠ ጊዜ ሲሰጥ ያ ረጅሙ ይሠራል፤ ግን ጠንቃቃ ሰው በ2 ዓመቱ ይቁረጥ። ሽምግልናው ሲጎተት፣ ቀጠሮው ሲገፋ፣ «ዛሬ ነገ እንከፍላለን» ሲባል ዓመቱ ያልቃል። ከሾፌሩ ላይ የሚመሠረተው የወንጀል ክስ የዐቃቤ ሕግ ነው፤ የካሳው ጥያቄ ግን ተጎጂው ራሱ ካልተነሳ ማንም አይነሳለትም።

የሦስተኛ ወገን መድን ለተሽከርካሪ ሁሉ ግዴታ ነው። በ2005 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 799 ሲታወጅ ለአንድ ሰው የአካል ጉዳት ያስቀመጠው ጣሪያ 40,000 ብር ነበር። እንዲህ ያለ ጣሪያ በየጊዜው ሊሻሻል ስለሚችል በአደጋው ቀን የሚሠራውን መጠየቅ ነው። ገጭቶ ለጠፋና መድን ለሌለው መኪና ተጎጂም አዋጁ የመድን ፈንድ አቋቁሟል። ከሁሉ በላይ ግን ይህን ማወቅ ያስፈልጋል፦ ጣሪያው የመድን ድርጅቱን ግዴታ ነው የሚወስነው፤ የባለንብረቱን ኃላፊነት አይገድበውም።

ይህን ባናውቅ ኖሮ በሁለተኛው ወር ጉዳዩ ያልቅ ነበር። ከኢንሹራንሱ የመጣ ሠራተኛ 15,000 ብር ሊሰጠን «ከእንግዲህ በዚህ ጉዳይ ከማንም ምንም አልጠይቅም» የሚል ወረቀት አቀረበ። ወንድሜ ገና በክራንች ነበር፤ ቤቱም በብድር ይበላ ነበር። ባለቤቱ «እንቀበል» ብላ አለቀሰች፤ ማንም አልፈረደባትም። ግን ሕክምናው ሳያልቅ ጉዳቱ ስንት እንደሆነ ማን ያውቃል? ዘመድ አዝማድ ጤፍና በቆሎ አዋጥቶ ቤቱን ለጥቂት ወራት ያዘ፤ እኛም አልፈረምንም። ያ መዋጮ ባይኖር ኖሮ መፈረማችን አይቀርም ነበር። የተጎዳን ቤተሰብ መርዳት ለዕለት እንጀራው ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ ሐቁን በርካሽ እንዳይሸጥ ወገቡን መደገፍም ነው።

የእሳት ቁራጭ

ከሁሉም የከበደው ፈተና የመጣው ከባላጋራ አልነበረም፤ ወዳጅ መስሎ ነው የመጣው። ሕክምናው ሲያልቅ ወንድሜ የሐኪሞች ቦርድ ፊት መቅረብ ነበረበት። ቦርዱ ቋሚ የአካል ጉዳቱን በመቶኛ ይወስናል፤ ፍርድ ቤቱም በዚያ ላይ ተመሥርቶ ያሰላል። ያኔ አንድ ጉዳይ አስፈጻሚ ነኝ ባይ ቤታችን መጣ። ወንድሜ በ2006 ዓ.ም. ከመወጣጫ ወድቆ ቀኝ ትከሻው የተጎዳ ስለነበር እጁን እስከ ላይ አያነሳም። ሰውየው «ትከሻህንም መኪናው ነው የመታህ በል። 20 የሚባለው 35 በመቶ ይሆናል። የኔ ሲሶዋን ብቻ ነው» አለው።

ሒሳቡን እኔው ራሴ ሠራሁት። በቀን 200 ብር፣ በወር 20 ቀን ቢሠራ በዓመት 48,000 ብር ነው። 20 በመቶው 9,600፣ በ25 የሥራ ዓመት 240,000 ብር ይሆናል። 35 በመቶ ቢባል ግን 420,000 ብር ነው። ልዩነቱ 180,000 ብር! በዚያን ጊዜ ለኛ ይህ ገንዘብ ቤት ነበር። አጎታችን ሳይቀሩ «ትከሻው እንደሆነ ያመዋል፤ ውሸቱ የቀን ብቻ ነው። ባለመኪናው ሀብታም ነው፣ ምን ይጎድልበታል?» አሉ።

ኡሙ ሰለማ (ረ.ዐ.) ያስተላለፉት፣ ቡኻሪና ሙስሊም የዘገቡት ሐዲስ አለ። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) ሰዎች ለፍርድ ወደሳቸው ሲመጡ፣ አንዱ በአንደበቱ ስለበለጠ በሰሙት መሠረት ቢፈርዱለትና የወንድሙን ሐቅ ቢሰጡት፣ የሰጡት የእሳት ቁራጭ መሆኑን አስጠንቅቀዋል። ነቢዩ ራሳቸው የፈረዱለት ሰው እንኳ ካልዳነ፣ በሐኪሞች ቦርድና በዳኛ ማኅተም ማን ይድናል? እናታችንም ሐዲሱን ሲሰሙ «እሳት ቆርሰን ለልጅ አናጎርስም» ብለው ነገሩን ቆረጡት። ለወንድሜም «አብሽር ልጄ፣ የጎደለውን አላህ ይሞላዋል» አሉት።

ወንድሜ ቦርዱ ፊት ስለ ትከሻው ሲጠየቅ የቆየ ጉዳት መሆኑን ተናገረ። 20 በመቶ ተወሰነለት። ሰፈሩ ውስጥ «ሞኝ» ያሉት ብዙ ናቸው። ከነዚያ መካከል አንዳንዶቹ አብረውት በአንድ ሰፍ የሚሰግዱ ነበሩ።

ፍርዱና ከፍርዱ በኋላ

አደጋው የደረሰው እዚሁ ስለሆነ ክሱ እዚሁ በዞናችን ቀረበ። የትራፊክ ፖሊሱ የቦታ ፕላንና ሪፖርት፣ የሕክምናው ማስረጃ፣ እያንዳንዱ የመድኃኒትና የመኪና ደረሰኝ፣ የሰሌዳ ቁጥሩ፣ የመድኑ ማስረጃ፣ ስለ ቀን ሥራው ያሠሩት ሰዎች ምስክርነት ተሰባስቦ ተያያዘ። ደረሰኙ የ23,000 ብር ነበር። የባለንብረቱ ጠበቃ «ግንበኛ ክረምት አይሠራም» ብሎ ተከራከረ፤ እውነቱን ነው። ፍርድ ቤቱም ይህንንና ገንዘቡ በአንድ ጊዜ የሚከፈል መሆኑን አይቶ፣ በርትዕ 150,000 ብር ወሰነ። ከሕክምናው ወጪ ሽማግሌዎቹ ያመጡት 12,000 ተቀንሶ 11,000፣ ለሕሊና ጉዳት 1,000፣ በድምሩ 162,000 ብር ሆነ። 40,000ውን መድን ድርጅቱ፣ 122,000ውን ባለንብረቱ እንዲከፍሉ ተፈረደ። ይህ ሁሉ 14 ወር ፈጀ።

ፍርድ ግን ገንዘብ አይደለም። መድን ድርጅቱ ከፈለ፤ ባለንብረቱ ግን «መኪናዬን ሽጡት» አለ። ደግሞም «ካስከፈላችሁኝ ከሾፌሩ ደመወዝ ላይ እየቆረጥኩ አስመልሳለሁ» አለ። እዚህ ላይ ወንድሜ ተጨነቀ። አውፍ ያለው ልጅ በሌላ በር ገብቶ ሊከፍል ነው። ያ ከሆነ ይቅርታው ምኑ ላይ ነው?

ያን ጊዜ ሽማግሌዎቹ ተመልሰው ተጠሩ። በመጀመሪያው ቀን ወረቀቱ ቅር ያላቸው ሰውዬ ራሳቸው ወረቀቱን ይዘው፣ ከፍርዱ ግልባጭ ጋር ባለንብረቱ ዘንድ ሄዱ። ሁለት ጁሙዓ ከተመላለሱ በኋላ ስምምነት ላይ ተደረሰ። ባለንብረቱ 122,000ውን በሦስት ጊዜ ይከፍላል፤ ከሾፌሩም ምንም አይቆርጥም። ለዚህ ሲባል ወንድሜ የመኪናውን ማሳገድ አቆመ፣ ከመጨረሻው ክፍያም 10,000 ብር ተወለት። ያ 10,000 የልጆቹ ሳይሆን የራሱ ሰደቃ እንዲሆን ከሱቁ ትርፍ ለቤቱ መልሶ ለመተካት ለባለቤቱ ቃል ገባላት። ሕጉ ልኩን ቆረጠ፤ ሽምግልናው ደግሞ ሕጉ ያልደረሰበትን የልብ ነገር ያዘ። አንዱ ያለሌላው ጎዶሎ ነበር።

ወንድሜ ዛሬ መወጣጫ ላይ አይወጣም። ሚስማር፣ ሽቦና ቀለም የሚሸጥበት ትንሽ ሱቅ አለው። ብርድ ሲሆን እግሩ ያመዋል፤ የሚሰግደውም በወንበር ነው። 162,000 ብር እግሩን አልመለሰለትም፤ ልጆቹ ግን ትምህርት አላቋረጡም። 180,000ው ቢጨመር ሱቁ ይሰፋ እንደነበር ራሱም ይናገራል፣ አይደብቅም። «ግን ሌሊት የምተኛው በዚህኛው ነው» ይላል።

ውድ አንባቢያን፣ ከዚህ ተነስቼ ለየቤተሰቡ የማስተላልፈው ጥቂት ነው። አደጋ ሲደርስ ሰውየውን ካሳከማችሁ በኋላ የሰሌዳ ቁጥርና ምስክር ያዙ። ደረሰኝ አትጣሉ፤ አንዲቷ የባጃጅ ወረቀት እንኳ ነገ ታስፈልጋለች። ሕክምና ሳያልቅ «ከእንግዲህ አልጠይቅም» የሚል ወረቀት አትፈርሙ፤ ያልገባችሁን ወረቀት ፊደል ለቆጠረ ሰው አሳዩ። ሽማግሌን አክብራችሁ ተቀበሉ፤ የተስማማችሁበትን ግን ጻፉ። ሰው ሞቶ ከሆነ የሚስትና የልጆች የወራሽነት ማስረጃ አውጡ፤ ሁለቱም ወገን ከተስማሙ የሸሪዓ ፍርድ ቤት የውርስን ጉዳይ ያያል። የየቲሞቹን ገንዘብ ለተስካርና ለድግስ አታውሉት። 2 ዓመቱን ቁጠሩ። ሐኪምና ዳኛ ፊት ስትቀርቡ አላህ ፊት እንደቀረባችሁ ተናገሩ።

መኪና ለሚነዱና ላላቸው ወንድሞችም አንድ ቃል አለኝ። ገጭቶ ማምለጥ ሁለት ወንጀል ነው፤ በሰውም በአላህም ዘንድ። መድናችሁ ጊዜው እንዳያልፍበት። ሽማግሌ ስትልኩ ሐቁን ለማስቀረት ሳይሆን ለመክፈል ላኩ። ይቅርታ የምትለምኑት ሰው የመክፈል ፈቃዳችሁን ካየ ልቡ ቶሎ ይራራል።

ጎዳናችንን አላህ ይጠብቅልን፤ የተጎዱትን ያሽርልን፤ የሚጠይቁትን በእውነት፣ የሚከፍሉትን በቅንነት፣ የሚያስታርቁትን በፍትሕ ያጽናልን። አሚን። ወሏሁ አዕለም።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።